የእጅ ማሻሻ አልኮል በሆስፒታላችሁ ፋርማሲ አዘጋጅቶ ከታካሚው አልጋ ጎን ማድረስ፦ የአሠራር መመሪያ

ከሆስፒታሎች የሚመጣው ጥያቄ ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ «ቀመሩ ስንት ስንት ነው?» ይባላል። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ «አዘጋጅተን ለየክፍሉ አደልን፤ ለምን አይጠቀሙበትም?» ተብሎ ይመጣል። የመጀመሪያው በግማሽ ቀን የሚያልቅ የፋርማሲ ሥራ ነው። ሁለተኛው ግን ጠርሙሱ የት ይቀመጥ፣ ማን ይሙላው፣ ማን ይቁጠር የሚል ሥራ ስለሆነ ፋርማሲው ብቻውን አይወጣውም። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው፣ የጥራት ክፍሉና የጽዳት ሠራተኞች አስተባባሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይቀመጡ።

ቀመሩ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ ውስጥ ያለው ነው። አትቀይሩት፤ ሽቶም ቀለምም አትጨምሩበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ10 ሊትር፣ በኤታኖል (ቀመር 1፤ ተቀላቅሎ ሲያልቅ 80 በመቶ ኤታኖል ይሆናል)፦
- ኤታኖል 96 በመቶ፦ 8333 ሚሊ ሊትር
- ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 3 በመቶ፦ 417 ሚሊ ሊትር
- ግሊሰሪን 98 በመቶ፦ 145 ሚሊ ሊትር
- የተጣራ (ዲስቲልድ) ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፦ 10 ሊትር እስኪሞላ

ኤታኖል ከጠፋ በአይሶፕሮፒል አልኮል (ቀመር 2)፦ 99.8 በመቶ የሆነው 7515 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው።

ዕቃዎች፦
- ባለ 10 ሊትር የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ማጠራቀሚያ፣ ክዳኑ በመጠምዘዝ የሚጠብቅ። ፕላስቲክ ከሆነ ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ 10 ሊትሩ የቱ ጋ እንደሆነ ቀድማችሁ በውሃ ለክታችሁ በማይለቅ ቀለም አስምሩበት
- መለኪያ ሲሊንደሮች፦ አንድ ትልቅ፣ አንድ ባለ 500፣ አንድ ባለ 250 ሚሊ ሊትር
- እንቡቶ፣ ንጹሕ ማማሰያ
- ቴርሞሜትር ያለው አልኮል መለኪያ (ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ስንት በመቶ አልኮል እንደሆነ የሚያሳይ)
- ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከነፓምፑ፣ ለኪስ የሚሆን ባለ 100 ሚሊ ሊትር
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የደረቅ ዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ
- የመመዝገቢያ ደብተርና መለያ ወረቀት

ግዥ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «አልኮል» ተብሎ የሚመጣ ሁሉ ኤታኖል አይደለም። ኤታኖል የሚመስለው ሜታኖል በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። አቅራቢው የዚያን ባች (በአንድ ጊዜ የተዘጋጀውን) የትንታኔ ምስክር ወረቀት ካላቀረበ፣ ወይም ጀሪካኑ ላይ «ዲናቸርድ» (እንዳይጠጣ ሌላ ኬሚካል የተጨመረበት) ወይም «ቴክኒካል» (ለፋብሪካ ሥራ የሚሆን) የሚል ካለ አትረከቡ። ማሽተት አይለየውም። ሁለተኛ፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለው 70 በመቶ አልኮል በዚህ ቀመር አይሠራም፤ ፐርኦክሳይዱና ግሊሰሪኑ ሲጨመሩበት ይበልጥ ይቀጥናል እንጂ ወደ 80 አይወጣም። አረቄ ደግሞ ቢደገምም አይደርስም። ሦስተኛ፣ ፐርኦክሳይዱ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል፦ ጠርሙሱ ላይ «10 ቮልዩም» ካለ 3 በመቶ ነው፣ «20 ቮልዩም» ካለ 6 በመቶ። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቀድታችሁ ብትጨምሩ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

ርምጃ 1፦ ስንት ሊትር እንደምትፈልጉ አስሉ

በግምት አታዘጋጁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ዝቅተኛ መነሻ የሚጠቅሰው ለ1000 የታካሚ ቀን 20 ሊትር ነው። የታካሚ ቀን ማለት በየሌሊቱ የተኙ ታካሚዎች ቁጥር ሲደመር ነው፤ ከዕለታዊው የአልጋ ቆጠራ ይገኛል።

ለምሳሌ 120 አልጋ ኖሯችሁ 80 በመቶው ቢያዝ በቀን 96 ታካሚ፣ በ30 ቀን 2880 የታካሚ ቀን ይሆናል። 2.88 በ20 ሲባዛ 57.6 ሊትር፤ ማለትም በወር 6 ጊዜ ባለ 10 ሊትር። ለዚህ 50 ሊትር ኤታኖል፣ 2.5 ሊትር ባለ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድና 870 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ትጠይቃላችሁ። ይህ ተኝቶ ታካሚዎችን ብቻ ነው፤ ተመላላሽ፣ ድንገተኛና ላቦራቶሪ ሲታከል ይጨምራል።

20 ሊትሩ ብዙ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ታካሚ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ማሻሸት 3 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ብቻ ማለት ነው፤ ያውም ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስትና ጽዳት ሁሉም ተደምረው።

ርምጃ 2፦ ክፍሉን አዘጋጁ

80 በመቶ ኤታኖል ከ17.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ተን ይሰጣል። አዲስ አበባ ቀን ላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ሌሊትም ቢሆን ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ፦

- መስኮቱ ተከፍቶ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ምረጡ።
- በአቅራቢያው ምድጃ፣ ከሰል፣ ማሞቂያ፣ ሲጋራ አይኑር። የፋርማሲው ቡና የሚፈላበት ክፍል ከሆነ ወይ ቡናው ይውጣ ወይ አልኮሉ።
- ተራ የኤሌክትሪክ ማደባለቂያ አትጠቀሙ፤ ብልጭታው ይበቃል። በእጅ አማስሉ።
- በአንድ ጊዜ ከ50 ሊትር በላይ አታዘጋጁ። ከዚያ በላይ ልዩ የአየር ማስወገጃ ያለው ክፍል ይፈልጋል።

ርምጃ 3፦ ጠርሙሶቹን አጽዱ

አዲስ ጠርሙስ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ተመላሹን መጠቀም ይቻላል። የሚከለከለው አጋማሹ በቀረ ጠርሙስ ላይ መጨመር ነው። ፓምፑ ሥር የተጠራቀመው አሮጌ ፈሳሽ ከተበከለ አዲሱን ይዞት ይሄዳል፤ መቼ የተዘጋጀ እንደሆነም መከታተል አትችሉም።

1. ቀሪውን ድፉ፣ አሮጌውን መለያ ላጡ።
2. በሳሙናና በቧንቧ ውሃ እጠቡ፤ ፓምፑንም ነቅላችሁ።
3. ሙቀት የሚችለውን ጠርሙስ ቀቅሉ። የማይችለውን 0.1 በመቶ ክሎሪን ውስጥ ቢያንስ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ነው።
4. ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በቧንቧ ውሃ ካለቀለቃችሁት የገደላችሁትን ጀርም መልሳችሁ አስገባችሁት።
5. አፉን ቁልቁል ደፍታችሁ በመደርደሪያ ላይ አድርቁ። በፎጣ አትወልውሉ። እርጥብ ጠርሙስ አልኮሉን ያቀጥናል።

ርምጃ 4፦ ቀላቅሉ

ከመጀመራችሁ በፊት የመጣውን ኤታኖል በአልኮል መለኪያ ፈትሹ። ጀሪካኑ ላይ 96 ተጽፎ 93 የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ክዳኑ ሳይጠብቅ ከቆየ ይተናል። ያገኛችሁትን ቁጥር ይዛችሁ 800000ን አካፍሉ፤ ለ10 ሊትር የሚያስፈልገው ሚሊ ሊትር ይመጣል። በ96 ሲካፈል 8333፣ በ95 ሲካፈል 8421፣ በ90 ሲካፈል 8889። ለፐርኦክሳይድም እንዲሁ 1250ን በጥንካሬው አካፍሉ፤ 3 በመቶ ከሆነ 417፣ 6 በመቶ ከሆነ 208። ከ30 በመቶ የምትነሱ ከሆነ ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ መጀመሪያ አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ወደ 3 በመቶ አውርዱት።

1. ኤታኖሉን ለክታችሁ ወደ ማጠራቀሚያው ቅዱ።
2. ፐርኦክሳይዱን ጨምሩ። እጅ ላይ ያለውን ጀርም የሚገድለው እሱ አይደለም። በጠርሙሱና በፈሳሹ ውስጥ የሚቀሩትን፣ አልኮል የማይችላቸውን የባክቴሪያ ስፖሮች (ጠንካራ ሽፋን ያላቸው፣ የተኙ ባክቴሪያዎች) ለማጥፋት ነው የሚገባው።
3. ግሊሰሪኑን በሲሊንደር ለክታችሁ ጨምሩ። ወፍራም ስለሆነ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲሊንደሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቁና ያንኑ ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ድፉ። ይህን የዘለለ ሰው የሠራው አልኮል እጅ ያደርቃል፤ እጁ የደረቀና የተሰነጠቀ ነርስ ደግሞ በሳምንቱ ጠርሙሱን ይሸሸዋል።
4. እስከ 10 ሊትሩ ምልክት በውሃ ሙሉ። ውሃውን ለብቻው «1105 ሚሊ ሊትር» ብላችሁ ለክታችሁ አትጨምሩ። አልኮልና ውሃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ስለሚኮማተር ከምልክቱ በታች ትቀራላችሁ። ጥቂት ስትቀሩ አማስላችሁ፣ ሙቀቱ እስኪወርድ ጠብቃችሁ፣ ከዚያ ምልክቱ ድረስ አድርሱት።
5. ወዲያው ክደኑ። ከዚያ በቀስታ አገላብጡ ወይም አማስሉ።

ውሃ ለምን ገባ የሚል ይኖራል። ንጹሕ 96 በመቶ ጠንክሮ ይሻላል የሚለው ግምት ስህተት ነው፤ አልኮል የጀርሙን ፕሮቲን ለመስበር ውሃ ይፈልጋል፣ ያለ ውሃ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ከ60 በመቶ በታች ሲወርድም አቅሙ ይደክማል።

ርምጃ 5፦ ፈትሹ

ከማጠራቀሚያው ወደ ሲሊንደር ቀድታችሁ አልኮል መለኪያውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ግድግዳ ሳይነካ ሲቆም በፈሳሹ ደረጃ አንብቡ። ከ75 እስከ 85 በመቶ ከሆነ ያልፋል።

ሙቀቱን ሳታዩ አታንብቡ። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚቀል ንባቡ በየዲግሪው ወደ 0.3 ነጥብ ያህል ከፍ ይላል፤ በ30 ዲግሪ 80 ያሳየው በእውነቱ 77 አካባቢ ነው። ግሊሰሪኑ በተቃራኒው አንድ ነጥብ ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ቆላ ያላችሁ ጠዋት በማለዳ ሥሩት። ለኤታኖል የተሠራ መለኪያ አይሶፕሮፒልን በትክክል አያነብም፤ በቀመር 2 ስትሠሩ ዋስትናችሁ በጥንቃቄ መለካትና የሁለተኛ ሰው ፊርማ ነው።

ከ75 በታች ከወጣ «ትንሽ አልኮል እንጨምርበት» አይሠራም። 10 ሊትሩን ከ73 ወደ 80 ለመመለስ ከ4 ሊትር በላይ ባለ 96 ኤታኖል ይፈጃል፣ ፐርኦክሳይዱና ግሊሰሪኑም በዚያው ልክ ይቀጥናሉ። ስህተቱ የት እንደተሠራ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያልተፈተሸው ጀሪካን ነው።

ርምጃ 6፦ ቅዱ፣ ለጥፉ፣ 72 ሰዓት አቆዩ

በማጠራቀሚያው አታሳድሩት፤ ወዲያው ወደ ጠርሙሶቹ ቅዱና ለ72 ሰዓት ለብቻው አስቀምጡ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት የገባ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ይወጣል። ጊዜው ፐርኦክሳይዱ ስፖሮቹን የሚጨርስበት ነው። ክፍሎች «አልቆብናል» ብለው ሲያስጨንቁ መጀመሪያ የሚጣሰው ይህ ደንብ ስለሆነ፣ አንድ ባች በቁም ሳጥን፣ አንዱ በማቆያ፣ አንዱ በሥራ ላይ እንዲሆን አድርጉ።

መለያው ላይ የሚጻፈው፦ የእጅ ማሻሻ አልኮል፣ ይዘቱ፣ የባች ቁጥር፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ «ለውጭ አካል ብቻ»፣ «ከዓይን ይራቅ»፣ «ከልጆች ይራቅ»፣ «ከእሳት ይራቅ»፣ ከሥር ደግሞ አጠቃቀሙ፦ ሙሉ መዳፍ፣ እስኪደርቅ ማሸት። ቀኑ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. በግልጽ ይጻፍ፤ «5/3/17» የሚል መለያ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በሁለት መንገድ ይነበባል።

ርምጃ 7፦ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ ብዙ ሆስፒታል ደግሞ የሚያልፈው ይህን ነው። ጠርሙሱ በር ላይ ወይም በነርሶች ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሚታሸው ሲገባና ሲወጣ ነው። ጀርም የሚተላለፈው ግን ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከሽንት ከረጢት ወደ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ነው።

መመዘኛው ቀላል ነው። ከታካሚው አልጋ ጎን እንደ ነርስ ቁሙ፤ አንድ ርምጃ ሳትራመዱ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠርሙሱን ካልነካችሁ ቦታው ስህተት ነው።

- አልጋ በአልጋ፣ በግርጌው ብረት ላይ በሽቦ ወይም በማንጠልጠያ። አልጋዎቹ ከተጠጋጉ አንዱ ለሁለት ይበቃል።
- በመርፌና በቁስል ትሮሊ ላይ።
- በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በየኢንኩቤተሩ።
- የኪስ ጠርሙስ ለራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን ዞረው ሲያዩ)፣ ለድንገተኛ ክፍልና ጠርሙስ ሊቀመጥ በማይችልባቸው ቦታዎች።

የአእምሮ ሕክምናና የሕፃናት ክፍል ውስጥ ጠርሙስ አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ ይጠጣል። እዚያ ሠራተኛው በኪሱ ይያዝ። ከኤሌክትሪክ ማብሪያና ሶኬት በላይ አትስቀሉ። በኦክስጅን አጠገብ የሚሠራ ሰው እጁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ምንም አይንካ።

አስታማሚዎችን አትርሱ። ታካሚውን የሚያገላብጡ፣ የሚያበሉ፣ አንዳንዴም የሽንት ከረጢት የሚደፉ እነሱ ናቸው። «የሠራተኛ ነው» ብላችሁ ከመከልከል ይልቅ አንድ ጊዜ አሳዩአቸው።

ርምጃ 8፦ የሚሞላውን ሰው በስም መድቡ

«የጽዳት ክፍል ይሞላል» የሚል ውሳኔ ማለት ማንም አይሞላም ማለት ነው። በየፈረቃው አንድ ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እሱ ባዶውን አንስቶ የተሞላውን ይተካል፤ ክፍሉ ውስጥ አይቀዳም። ክፍሉ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ ይዞ ሌላው በፋርማሲ ይቆይ፤ ዋርድ ቁም ሳጥን ውስጥ የተከማቸ አልኮል የእሳት አደጋ ነው።

በየሳምንቱ ሰኞ አሥር ጠርሙስ በዘፈቀደ አንሱ፦ ፈሳሽ አለው? ፓምፑ ይሠራል? መለያው ይነበባል? ሦስቱንም ያሟሉት ስንት እንደሆኑ ጻፉ። አምስት ከአሥር ከሆነ ስለ ሠራተኛው ባህርይ ማውራት ገና ነው።

ርምጃ 9፦ አጠቃቀሙን አሳዩ

ስልጠናው በአዳራሽ ሳይሆን አልጋው ጎን፣ አሥር ደቂቃ ይሁን። እጅ የሚታሽባቸው አምስት ጊዜዎች፦ ታካሚ ከመንካት በፊት፤ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት (ካኑላ፣ ቁስል፣ ካቴተር)፤ ለደምና ለሰውነት ፈሳሽ ከተጋለጡ በኋላ፤ ታካሚ ከነኩ በኋላ፤ በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ።

መጠኑ መዳፍ የሚሞላ፣ ጊዜው ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ፣ እጁ ራሱ እስኪደርቅ። አውራ ጣት፣ የጣቶች ጫፍና በጣቶች መካከል በብዛት የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። የእናንተ ፓምፕ በአንድ ጭነት ስንት እንደሚያወጣ እወቁ፦ አሥር ጊዜ ወደ ሲሊንደር ተጫኑና ለአሥር አካፍሉ። 1.5 ሚሊ ሊትር ከሆነ «ሁለት ጊዜ ተጫኑ» ብላችሁ መለያው ላይ ጻፉ።

እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ካለው፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ወይም ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል (ስፖር የሚሠራ የአንጀት ባክቴሪያ፣ በቀድሞ ስሙ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል) የተጠረጠረበት ተቅማጥ ካለ ሳሙናና ውሃ ነው፤ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ። ቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ሆስፒታል ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲና ሳሙና በየክፍሉ ይኑር። አልኮል የውሃ እጦትን አይፈታም።

ርምጃ 10፦ ቁጠሩ

ሁለት መለኪያ ያዙ፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሳያል።

ፍጆታ፦ በወሩ ወደ ክፍሉ የወጣው ሊትር በታካሚ ቀን ተካፍሎ በ1000 ይባዛል። ቀላል ነው፣ የሚያየው ሰው አይፈልግም። ነገር ግን ወደ ቤት የተወሰደውንም ይቆጥራል፤ በትክክለኛው ጊዜ መታሸቱንም አይነግራችሁም።

ምልከታ፦ አንድ የሰለጠነ ሰው 20 ደቂቃ ያህል ቆሞ፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት የማይበልጡ ሠራተኞችን ያያል። እጅ መታሸት የነበረበት አጋጣሚ «ዕድል» ይባላል። የተፈጸመው በዕድሉ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። አንድን ክፍል ካለፈው ጊዜ ጋር ለማወዳደር 200 ዕድል ያህል መሰብሰብ ይመከራል።

አቆጣጠሩ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ነርሷ ወደ 7ኛ አልጋ መጣች፤ አልኮል አሸች፤ የታካሚውን ክንድ ያዘች። አንድ ዕድል፣ ተፈጽሟል። በካኑላው መድኃኒት ልትሰጥ ጓንት አጠለቀች፤ እጇን አላሸችም። ሁለተኛ ዕድል፣ አልተፈጸመም፤ ጓንት ማጥለቅ እጅ ማጽዳት ተብሎ አይቆጠርም። ጥቂት ደም ነካት፤ ጓንቱን አውልቃ ጣለችና ወዲያው አንሶላውን አስተካከለች። ሦስተኛ፣ አልተፈጸመም። ከዚያ አልኮል አሽታ 8ኛ አልጋ ሄዳ የታካሚውን ግንባር ዳሰሰች። እዚህ ላይ «ከነኩ በኋላ» እና «ከመንካት በፊት» ሁለት ምክንያቶች ናቸው፤ በመካከላቸው የሚያስፈልገው ማሻሸት ግን አንድ ስለሆነ የሚቆጠረው አንድ ዕድል ነው። ተፈጽሟል። ሁለት ከአራት፣ 50 በመቶ። አምስት ብሎ የጻፈ ተመልካች 40 ወይም 60 ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ተመልካቾች አንድን ክፍል አብረው አይተው ቅጻቸው እስኪገጥም ድረስ ለብቻ አይላኩ።

የሚታይ ሰው ይታጠባል። ምልከታው 90 በመቶ እያሳየ ፍጆታው ለ1000 የታካሚ ቀን 6 ሊትር ከሆነ ፍጆታውን እመኑ።

ርምጃ 11፦ በትንሹ ሞክሩ፣ ከዚያ አስፉ

አንድ ዋርድ፣ አንድ ክፍል፣ ስድስት አልጋ፣ ሦስት ቀን። ለምሳሌ «ጠርሙሱን ከግድግዳ ወደ አልጋ ግርጌ ብናወርደው» የሚለውን ብቻ ሞክሩ፤ ሌላ ምንም አትቀይሩ። የሌሊት ፈረቃንም ይጨምር። ሽቦው ልብስ ይይዛል፣ አልጋ ሲገፋ ጠርሙሱ ይወድቃል የሚለው ስድስት አልጋ ላይ ቢታወቅ ይሻላል፤ መቶ ሃያ ላይ ሲታወቅ ሰው ተስፋ ቆርጧል።

ውጤቱን በየሳምንቱ በነጥብ መስመር ላይ አስቀምጡ፣ የመካከለኛውን ዋጋ መስመር አሰምሩ። አንድ ሳምንት ከፍ ስላለ አታጨብጭቡ። ስድስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ ነጥብ ከመስመሩ በላይ ሲውል፣ ወይም አምስት ነጥብ በተከታታይ አንዱ ከሌላው እየጨመረ ሲሄድ ነው ለውጥ አለ የሚባለው። ግራፉ የሚለጠፈው ሠራተኛው ልብስ በሚቀይርበት ቦታ ነው። በሙያ መለየት ይቻላል፤ በስም ግን አይለጠፍ፣ ለቅጣትም አይዋል። አንዴ ለቅጣት ከዋለ ቅጹ ላይ እውነተኛ ቁጥር አታዩም።

ማስጠንቀቂያ

- ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ሐኪም ይየው።
- ከፈሰሰ መስኮት ክፈቱ፣ እሳትና ብልጭታ አርቁ፣ በውሃ አቅጥናችሁ ጥረጉ።
- የሚታሸው እጅ ነው፤ በጓንት ላይ አልኮል አይታሽም። ጓንቱን ያደክመዋል፣ ለሁለተኛ ታካሚም አያበቃውም።
- የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ለማምከን ይህን አልኮል አትጠቀሙ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

«እጄን ያቃጥለኛል» የሚል ቅሬታ ሲበዛ ቀመሩን ከመጠርጠር በፊት ሰውዬው በሳሙና ታጥቦ ወዲያው አልኮል ያሽ እንደሆነ ጠይቁ። ሁለቱን ማደራረብ ቆዳውን ያደርቃል፤ እርጥብ እጅ ላይ ሲሆን ደግሞ አልኮሉን ያቀጥናል። አንዱን ይምረጥ።

እጅ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ከቀረ ዱቄት ያለው ጓንት ነው። ዱቄት የሌለውን ጠይቁ፤ እስኪመጣ ድረስ ጓንት ካወለቁ በኋላ በሳሙና ይታጠብ።

ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ዝቃጭ ከያዘ ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ተጨምሯል፣ ወይም ማጠራቀሚያው አልታጠበም። አታጣሩት፤ ባቹን በሙሉ አስወግዱ።

ጠርሙስ የሚጠፋባችሁ ከሆነ ቆልፋችሁ አታስቀምጡ፤ የተቆለፈ አልኮል አይታሽም። ጠርሙሱን በማይፈታ ማንጠልጠያ እሰሩ፣ መለያው ላይ የክፍሉን ስም በትልቁ ጻፉ፣ በየክፍሉ የጠፋውን ለብቻ መዝግቡ። ፋርማሲው በወሩ መጨረሻ ፍጆታን ሲያሰላ የጠፋውን ቀንሶ ይላክ።